ሙሽራዋን እኔ ልሥራላት ወይስ ለሌላ ላሳልፋት?

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 22 ነው። የጥፍር ሥራ ለአራት ወር ተምሬ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን ካለፍኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የትምህርቱን የከፈለችልኝ እናቴ ናት፤ ቡና ለቅማ ያጠራቀመችውን ብር ነው አውጥታ የሰጠችኝ። አሁን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የውበት ሳሎን በፐርሰንት እሠራለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ለአንዲት ደንበኛ ማኒኪርና ጄል (በላምፕ ብርሃን የሚደርቀውን የጥፍር ቀለም) ሠራሁላት። ስትሄድ ደስ ብሏት ነበር። በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። የሁለቱም እጆቿ አውራ ጣቶችና የቀኝ እጇ የቀለበት ጣት ጄሉ ከሥሩ ተነሥቷል። ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቺን ልጅ ከየት ነው ያመጣችኋት?» አለች። ዋናዋ ባለሙያ ምንም ሳትናገር ጄሉን አንሥታ እንደገና ሠራችላት። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ ቀለሙን ወደ ጥፍሩ ሥር ሳስጠጋ። ደንበኛ ሲመጣ «እሷ ትሻልሻለች» እያልኩ ለዋናዋ አሳልፋለሁ። በወሩ መጨረሻ የሚደርሰኝ የባጃጅ እንኳ አይሸፍንም። ለአንድ ሰው ጄል ለመቀባት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዷ እጇን ላምፕ ውስጥ እንዳስገባች «አቃጠለኝ» አለች። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ «ትንሽ ቻይው፣ ያልፋል» አልኳት። እስካሁን ይጸጽተኛል።

አሁን የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ነው፤ ኒካዋ ከሦስት ሳምንት ተኩል በኋላ ነው። አብረን ነው ያደግነው። «ጥፍሬን የምትሠሪልኝ አንቺ ነሽ፣ ሌላ ዘንድ አልሄድም» ብላኛለች። ረጅም፣ ነጣ ያለ ሮዝ ነው የምትፈልገው፤ ሂናም ትቀባለች። እሺ ብዬ ባበላሽባትስ? እምቢ ብላት ደግሞ ትቀየመኛለች፤ እናቴም «ታዲያ ለምን ተማርሽ?» ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

እ. ነኝ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ እ.፣

ሰው በተሰበሰበበት መወቀስ ያማል። እናትሽ ጎንበስ ብላ ለቅማ ባጠራቀመችው ብር የተማርሽው ሙያ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ እጥፍ ነው። ጓዳ ገብተሽ ማልቀስሽ አያሳፍርም። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ደብዳቤሽ ላይ የትኞቹ ጣቶች እንደተነሡ ለይተሽ ጽፈሻል፤ ሁለቱ አውራ ጣቶችና የቀኝ እጅ የቀለበት ጣት። ሰባቱ ጥፍሮች ደህና ነበሩ ማለት ነው። እጅሽ ለዚህ ሥራ የማይሆን ቢሆን ኖሮ ሰባት ጥፍር አይተርፍም ነበር። ስለዚህ «እኔ አልችልም ይሆን?» የሚለውን ለጊዜው ተዪውና «እነዚያ ሦስቱ ለምን ተነሡ?» ብለሽ ጠይቂ። ይሄኛው መልስ አለው።

ከአውራ ጣቶቹ እንጀምር። እስቲ አሁን እጅሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። የአራቱ ጣቶች ጥፍር ወደ ላይ ያያል፤ የአውራ ጣትሽ ጥፍር ግን ወደ ጎን ዞሯል። ደንበኛዋ አምስቱንም ጣት አንድ ላይ ላምፕ ውስጥ ስታስገባ የሚሆነው ይኸው ነው። የላምፑ አምፖሎች ብርሃን ከላይ ሲመጣ የአራቱን ጣት ጄል በደንብ ያደርቃል፤ አውራ ጣት ላይ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያርፈው። ላዩ ደርቆ ይታያል፣ ሲነካም ይጠነክራል፤ ሥሩና ጎኑ ላይ ግን ገና ያልበሰለ ጄል አለ። እሱ ነው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚነሣው። ሁለቱም አውራ ጣቶች እኩል ከተነሡ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብሽ ይህን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አራቱን ጣቶች አስገቢ፣ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶች ጎን ለጎን አድርገሽ፣ ጥፍራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እያየ፣ ለብቻቸው አስገቢ። ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ቤዝም፣ እያንዳንዱን የቀለም ዙርም፣ መጨረሻ ላይ የሚቀባውን ቶፕም እንደዚሁ። በአንድ ደንበኛ ላይ የሚጨምርብሽ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው።

ስለ ላምፕ ካነሣን አይቀር፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ያለው ላምፕ ስንት ዋት ነው? ጄሉ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውስ ምን ይላል? ብዙ ጄሎች በ48 ዋት ኤልኢዲ ላምፕ ለእያንዳንዱ ንብር (ዙር) 60 ሰከንድ አካባቢ ይፈልጋሉ፤ በድሮው 36 ዋት ዩቪ ላምፕ ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ጠርሙሱ የሚለው ነው። መብራት መሃል ላይ ቢሄድብሽ «ግማሹን ስለደረቀ» ብለሽ አትለፊው፤ መብራቱ ሲመለስ ከዜሮ ጀምረሽ ሙሉውን ጊዜ ስጪው። የምትጠቀሙት በባትሪ የሚሠራ ላምፕ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሲዳከም ብርሃኑም የሚዳከም ዓይነት ስላለ፣ ጠዋት ሞልተሽ ጀምሪ።

የቀለበት ጣቱ ምክንያት ሌላ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጣት ብቻውን ከሥሩ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ ኩቲክል አለ። ኩቲክል ስንል በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ሕያው ቆዳ ማለታችን አይደለም፤ እሱ አይቆረጥም። ከሥሩ ወጥቶ ጥፍሩ ገጽ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ የተለጠፈውን፣ ቶሎ ዓይን የማይገባውን የሞተ ቆዳ ነው። ጄሉ እሱ ላይ ከተቀባ የያዘው ጥፍሩን ሳይሆን ቆዳውን ነው፤ ቆዳው ሲላቀቅ ጄሉም አብሮ ይነሣል። በመግፊያው ቀስ ብለሽ ገፍተሽ ስትጨርሺ ጥፍሩን ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪው፤ የሞተ ቆዳ የቀረበት ቦታ ደብዘዝ ብሎ፣ ጠርዝ ሠርቶ ይታያል። ከዚያ በቁጥር 180 ወይም 240 ቡፈር (ማለስለሻ ሞረድ) ገጹን ለስለስ አድርገሽ አሺው፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ እስኪጠፋ ብቻ። አጥብቀሽ ከሞረድሽ ጥፍሩ ይሳሳል፣ ደንበኛዋም ላምፕ ውስጥ ትቃጠላለች።

አሁን አንድ ጥያቄ። ለዚያች ደንበኛ ማኒኪሩን ስትሠሪ እጇን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈሽው ነበር? ብዙ ሳሎን ውስጥ የሚደረገው እንደዚያ ነው፤ ለኩቴክስ ብዙም ችግር የለውም፣ ለጄል ግን ጥሩ አይደለም። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። ላዩ ላይ የደረቀው ጄል አብሮት ስለማይመለስ ጠርዙ ይላቀቃል። ለጄል የምትሠሪው ማኒኪር ያለ ውሃ ይሁን። እጇን በሳሙና ታጠብ፣ በደንብ ታድርቅ፣ ከዚያ ዝግጅትሽን ጨርሰሽ ጥፍሯን በአልኮል ጥረጊ። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ በእጇ ስትነካካ የመጣች ወይም ክሬም የተቀባች ከሆነች ሁለት ጊዜ ጥረጊላት። ከጠረግሽ በኋላ ጥፍሩን በጣትሽ አትንኪው፤ የጣትሽ ወዝ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ እኛ በግምት ነው የምንነግርሽ፤ በዓይኗ ያየች ግን አለች። ዋናዋ ባለሙያ ጄሉን ስታነሣ ሥሩ ምን እንደሚመስል አይታለች። ደንበኛ ፊት ምንም አለመናገሯን አንቺ እንደ ንቀት ወስደሽው ይሆናል። ምናልባት ግን ሸፍናልሽ ይሆናል፤ ቢያንስ በሰው ፊት አላዋረደችሽም። ነገ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ቁጭ ብለሽ እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ ያን ቀን አንቺ ባነሣሽላት ጄል ሥር ምን ነበር? ለማወቅ ፈልጌ ነው።» ከጀርባው ስስ ነጭ ቆዳ ይዞ ከተነሣ የኩቲክል ጉዳይ ነው። ጀርባው የሚያጣብቅ ወይም ለስላሳ ከነበረ አልበሰለም። እንደ ላስቲክ ንጹሕ ሆኖ በአንድ ላይ ከተላቀቀ ወዝ ወይም ውሃ ነበር፣ አለዚያም ገጹ አልታሸም። ቤዙ ጥፍሩ ላይ ቀርቶ ቀለሙ ብቻ ከተነሣ ደግሞ ችግሩ በንብሮቹ መካከል ነው። እነዚህን አራቱን ከለየሽ ማንም ደንበኛ ተመልሳ ስትመጣ ምን እንደምታዪ ታውቂያለሽ። ሰው የሚፈራው አብዛኛውን ጊዜ ያልገባውን ነገር ነው፤ የአንቺም ፍርሃት ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ወደ እጅሽ እንምጣ። እንደምትዪው በተለይ የሚንቀጠቀጠው ቀለሙን ወደ ሥሩ ስታስጠጊ ነው። ምናልባት ያን ጊዜ እጅሽ አየር ላይ ነው። ብሩሽ የያዝሽበትን እጅ ትንሿን ጣት ደንበኛዋን በያዝሽበት እጅሽ ላይ አስደግፊያት፤ ሁለቱ እጆችሽ እንደ አንድ ይሁኑ። ክንድሽ እስከ ክርንሽ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። የደንበኛዋን ጣት ከጎንና ከጎን ያዢው፤ የጣቷን ጫፍ ብቻ ከያዝሽ ስትናገር ሁሉ ይንቀሳቀስብሻል። መቀመጫሽም ይታይ። የጅማ በርጩማ ለቡና ማፍያ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዝቅ ካልሽ ትከሻሽ ይወጠራል፣ እጅሽም ይደክማል። የጠረጴዛ መብራቱን ብሩሽ ከያዝሽበት እጅ በተቃራኒው በኩል አድርጊው፤ አለበለዚያ በራስሽ እጅ ጥላ ውስጥ ነው የምትቀቢው። ስለ ቡናም መናገር አለብን። በጅማ ይህን ማለት ከባድ ነው፤ ግን በባዶ ሆድ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥተሽ የምትቀመጪ ከሆነ ከፊሉ መንቀጥቀጥ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ብዪ፣ ቡናውን ደንበኛሽን ከሸኘሽ በኋላ አድርጊው።

የቀለሙ አካሄድ ደግሞ እንዲህ ቢሆን። ብሩሹን የጠርሙሱ አፍ ላይ አንዱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ጥረጊው፣ በሌላው ገጽ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠብታ ትቅር። ጠብታዋን ጥፍሩ ሥር አታሳርፊያት፤ መሃሉ ላይ አድርጊና ከዚያ ወደ ሥሩ በቀስታ ግፊያት። ቆዳው ጋ ሳትደርሺ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ሲቀርሽ፣ ብሩሹን ጫን ስታደርጊው ፀጉሩ እንደ ማራገቢያ ይከፈትና ቅርጹን ራሱ ይሠራል። ከዚያ ወደ ጫፍ ሳቢ። ጎንና ጎኑን ጨምሪ፣ መጨረሻ ላይ የጥፍሩን ጫፍ ውፍረት በብሩሹ አብሺው። ጫፉ ካልተሸፈነ ውሃና ሳሙና በዚያ ይገባል። ቀለሙ ቆዳ ከነካ ላምፕ ሳይገባ በቀጭን ብሩሽና በአልኮል አጽጂው፤ አንዴ ቆዳ ላይ ከደረቀ ጄሉን የሚያነሣው እሱ ነው። ከዚያም የከፋ ነገር አለ። ያልደረቀ ጄል ቆዳ ላይ እየደጋገመ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፤ ማሳከክ፣ መቅላት፣ በጥፍር ዙሪያ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች። አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ይህ አንቺንም ይመለከታል፣ ቀኑን ሙሉ የምትነኪው አንቺ ነሽና፤ የናይትሪል ጓንት አድርጊ።

ልምምዱን ሰው ላይ አትጀምሪው። ማታ ማታ 10 አርቴፊሻል ጥፍር በትንንሽ እንጨት ላይ ለጥፊና ቀይ ቀቢያቸው። ለምን ቀይ? ቀይ ምንም አይደብቅም፤ ጠርዙ ሲንጋደድ፣ አንዱ ጎን ሲወፍር ሁሉም ይታያል። በየቀኑ የምትከታተዪው ነገር አንድ ብቻ ይሁን፣ የሥሩ መስመር። በሁለተኛው ሳምንት እጅሽ የሚያውቀው ነገር ይኖራል። ሳሎን ውስጥ ግን መጀመሪያ ላይ ፈዛዛ ቀለም የሚመርጡትን ደንበኞች ተቀበዪ፤ እዚያ ላይ ትንሽ መንጋደድ ዓይን አይገባም።

«ቻይው» ስላልሻት ደንበኛ። ጸጸትሽ ትክክል ነው፣ ለጥሩ ነገርም ይሆንሻል። ጄል ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሲወፍር ደግሞ የበለጠ። በተለይ ቤዝና ጥፍር ማጠንከሪያው ጄል። ጥፍሯ ቀድሞ ተሞርዶ የሳሳ ሰው ላይ ሙቀቱ ይበረታል። ስለዚህ «አቃጠለኝ» ስትል ሥራሽን እየነገረችሽ ነው፤ ወይ አወፍረሻል ወይ ጥፍሩ ስስ ነው። እጇን ወዲያው ታውጣ፣ ለጥቂት ሰከንድ ጠብቂ፣ መልሳ ታስገባ፤ ላምፑ ቀስ እያለ የሚያሞቅ ቁልፍ ካለው እሱን ተጠቀሚ። ከዚያ በኋላ ግን ሙሉውን ጊዜ አስቆጥሪ። ለቀጣይ ደንበኞች አስቀድመሽ «ሙቀት ከተሰማሽ እጅሽን አውጪና ንገሪኝ» በያቸው። ያችኛዋንም ስልኳ ካለሽ ደውዪላትና ጥፍሯን ጠይቂያት። ካሳከካት ወይም ካበጠ ጄሉ ይነሣላት፣ ሐኪምም ትይ።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አትጨነቂ። ሁለት ሰዓት ተኩሉን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ለማውረድ ዝግጅቱን አታሳጥሪ፤ 25 ወይም 30 ደቂቃ ይውሰድ። ጊዜ የሚበላብሽ ምናልባት ቀለሙን ደጋግመሽ ማረምሽ ነው። አንድ ቀን በስልክሽ ሰዓት ያዢና የትኛው ላይ እንደምትቆዪ ጻፊ።

ደንበኛ ለዋናዋ ማሳለፉን ግን ከነገ ጀምሮ ቀንሺው እንላለን። አቁሚው አላልንም። በቀን አንድ ሰው፣ ማንም ሳይመርጥልሽ አንቺ የምትቀበያት፣ ይኑርሽ። ትንሽ ደብተር ያዢ፤ ቀኑን፣ የጄሉን ስም፣ የላምፑን ሰከንድ፣ ስለ ጥፍሯ ያየሽውን ጻፊ። በሰባተኛው ቀን ደውለሽ «ጥፍርሽ እንዴት ሆነ? የተነሣ አለ?» በያት። መደወል ያስፈራል፣ እናውቃለን። ሆኖም ከአሥር ሰው በኋላ የትኛው ጣት እንደሚያስቸግርሽ በጽሑፍ ይዘሻል። ተመልሳ የምትመጣ ካለችም የምትዪው ይህን ነው፦ «ይቅርታ፣ እስቲ ልየው። በሳምንት ውስጥ የተነሣውን ያለ ክፍያ አስተካክልልሻለሁ።» አስቀድመሽ ከሳሎኑ ባለቤት ጋር በዚህ ተስማሚ። ረጅም ማብራሪያ አትስጪ፣ ደንበኛዋንም አትውቀሺ። የተነሣውን ጄል ግን አትላጪው፤ የጥፍሩን ንብር ይዞ ይነሣል። ላዩን ሞርደሽ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ አድርገሽ፣ በፎይል ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ። ከተነሣው ሥር አረንጓዴ ነገር ካየሽ ደግሞ እርጥበት ገብቶ ባክቴሪያ ይዞታልና ላዩ ላይ ምንም አትቀቢ፤ ክፍት ሆኖ ይድረቅ፣ ለሐኪም ታሳይ። እዚህ ላይ «ዛሬ አልሠራልሽም» ማለት መቻል የባለሙያ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሙሽራዋ። እንደምናየው መንገድሽ ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው። ረጅም አክሪሊክ (በዱቄትና በፈሳሽ የሚሠራ ጥፍር) ወይም በጄል የተረዘመ ጥፍር ለኒካዋ እንድትሠሪላት አንመክርሽም። ሁለት ወር ብቻ የሠራ እጅ፣ ተመልሶ የማይታረም ቀን፣ ለዚያውም የምትወጃት ሰው፤ ጫናው ብዙ ነው። እምቢ ማለትም አያስፈልግም። ሦስተኛው መንገድ ተለጣፊ አርቴፊሻል ጥፍር ነው፤ ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ ማንም ሳያይሽ፣ የተበላሸውን ጥለሽ ሌላ እየሠራሽ የምታዘጋጂው።

ለእሷም የሚሻላት ይመስለናል። ዉዱእ (ከሶላት በፊት ያለውን መታጠብ) ስታደርግ ውሃው ጥፍሯ ላይ መድረስ አለበት ብላ ካሰበች፣ ከሠርጉ በኋላ ለሦስት ሳምንት የማይወልቅ ጄል ያስጨንቃታል። ይህን አንቺ አትወስኚላት፤ «ሶላት ስላለ በቀላሉ የሚወልቅ ቢሆንልሽ ምን ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። ሂናውም እንደዚሁ። ሂና ከተቀባ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እየጠቆረ ነው የሚሄድ፤ አንቺ በመሃል እጇን በሳሙናና በአሴቶን ብትፈትጊው ይደበዝዛል። ተለጣፊው ግን ሂናው ከደረቀና ካማረ በኋላ ጠዋት ላይ ይለጠፋል። ቋሚ ጄል ብቻ ካለች ግን ጄሉ ከሂናው በፊት ይሠራ፤ ሂና የምትቀባትም ጥፍሯን እንዳታስነካ ንገሪያት፣ ነጣ ያለ ሮዝ ቀለም ይበክልበታል።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ቲፖቹ (አርቴፊሻል ጥፍሮቹ) ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 9 ቁጥር አላቸው። በዚህ ሳምንት እሷ ዘንድ ሂጂና አሥሩንም ጥፍሮቿን ለኪ፤ ቀኝና ግራ እጅ እኩል አይሆኑም። ቲፑ ከጎን እስከ ጎን ጥፍሯን ሸፍኖ ቆዳውን ሳይጫን ማረፍ አለበት። በሁለት ቁጥር መካከል ከሆነች ትልቁን ወስደሽ ጎኑን ሞርጂ፤ ጠባቡን በግድ ካስለበስሽ ያማታል፣ ቶሎም ይወልቃል። ቁጥሮቹን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ርዝመቱን አብራችሁ ቁረጡ። የሠርግ ምግብ በእጅ ነው የሚበላ፤ ከጣቷ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያልፍ ይበቃታል።

ከዚያ የቲፖቹን ገጽ በቁጥር 180 አሺና ሁለት ወይም ሦስት ስስ ዙር ቀለም፣ ቶፕ። ነጣ ያለ ሮዝ በአንድ ወፍራም ዙር ይዥጎረጎራል፤ በስስ ሦስት ዙር ግን እኩል ይሆናል። አሥር ሳይሆን 14 ሥሪ፤ ለአውራ ጣቶችና ለሌባ ጣቶች መጠባበቂያ ይኑር። ነጣ ያለ ቀለም እርድ ይይዛል፤ አልጫውን ከበላች በኋላ ወዲያው በሳሙና ትታጠብ፣ ከቀረም አልኮል የነካ ጥጥ ይበቃዋል።

ከኒካው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙከራ አድርጊ። ለጥፊላት፣ አንድ ቀን ትዋልበት፣ ዕቃ ትጠብበት፣ እንጀራ ትጋግርበት። የወለቀውን ጣት ለይታ ትንገርሽ። በዕለቱ ጥፍሯን በሳሙና ታጥባ አድርቂ፣ ሂና ስትቀባ የተጠቀመችው ዘይትና ሎሚ እንዳይቀር በአልኮል ጥረጊ፣ ማጣበቂያውን አድርጊና ቲፑን ከሥሩ ጀምረሽ ወደ ጫፍ እያስተኛሽ 30 ሰከንድ ያህል ተጫኚው። ለአንድ ሰዓት ውሃ አትንካ። ባለሁለት ገጽ ማጣበቂያው ለአንድ ቀን ይበቃታል፤ ሙጫው ይበረታል፣ ግን ለማውለቅም ያስቸግራል። ለማውለቅ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ትንሽ ዘይት ውስጥ 10 ወይም 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ ከጎን ቀስ ብሎ ማንሣት ነው።

ሙከራው ካላማረሽ ሁለት ሳምንት በእጅሽ ነው። ያን ጊዜ ለዋናዋ ባለሙያ «ይቺ ሙሽራዬ ናት፣ አብረሽኝ ነይ» ማለት ትችያለሽ፤ አንቺ እያዘጋጀሽ እሷ ብትቀባ ማንም አይቀየምም። ለልጅቷም አሁኑኑ እውነቱን ንገሪያት፦ «በጣም ነው ደስ ያለኝ። አዲስ ስለሆንኩ ግን መጀመሪያ እንሞክር፤ ካልወደድሽው ከእኔ የተሻለች ይዤልሽ እመጣለሁ።» አብራችሁ ያደጋችሁ ናችሁና ይገባታል።

እናትሽስ? እስከ ዛሬ በእሷ እጅ ላይ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? ቡና ስትለቅም የኖረች እጅ ነው፤ ጥፍሩ ጠንካራ፣ ኩቲክሉ ወፍራም፣ ለዝግጅት ልምምድ ከዚህ የተሻለ አታገኚም። ቀለም አልፈልግም ብትልሽ እንኳ ኩቲክሉን ግፊላት፣ ጥፍሯን አሺላት፣ ዘይት ቀቢላት። እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ መብራቱን አጠገብሽ አድርገሽ ከአውራ ጣቷ ጀምሪ።